የሕፃን መቅደላ የፀሐይ ይለፍ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጤናና የጸጥታ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
መርሳ
ጥር 2014 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ፀሐይን ይመለከታል

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ደረትዎም ከጉንፋን የራቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ የዘጠኝ ወር ሕፃን እናትና የባዮሎጂ መምህርት የሆንኩ እኔ ይርጋለም ተፈራ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. «እናቶች ሕፃናትን በየዕለቱ ጠዋት ፀሐይ ያሙቁ» የሚል ወረቀት በየአጥሩ ስላስለጠፉልን እናመሰግናለን። ቃልዎ እውነት ነው። ቆዳችን በፀሐይ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ አጥንት ከማጠንከር አልፎ በደም ውስጥ ያሉትን የሰውነት ዘቦች ያነቃል፤ እሱ ሲጎድል ዘቦቹ የሚባንኑት ጀርሙ ሳንባ ከገባ በኋላ ነው። ትምህርት ቤታችንን ጦርነቱ ሳይዘጋው በፊት ይህንኑ አስተምር ነበር።

2ኛ. በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ማኅተም፣ «አሰሳ ስላለ ያለ ይለፍ ከማለዳ እስከ ምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከቤት መውጣት ክልክል ነው» የሚለውን ከፊተኛው ወረቀት ጎን ስላስለጠፉልንማ ምን ብለን እናመስግንዎ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ሁለቱንም ሳነብላቸው፣ አላህ ያወጣትን ፀሐይ ደግሞ ኮሚቴ ይፈቅዳት ጀመር ወይ ብለው አዘኑልኝ።

3ኛ. መቅደላን ቅቤ ቀብቼ ደጃፍ ላይ ገና ሳስቀምጣት ጥበቃዎ መልሶ አስገባን። የአንድ ሰዓት የፀሐይ ይለፍ ላመለክት በጥበቃዎ ታጅቤ ብመጣ፣ እርስዎ ጉዳዩ እስኪታይ በመስኮት በኩል እንዳሞቃት መከሩኝ። መስታወት ቫይታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር እንደማያሳልፍ የማስተምረው እኔ፣ ሌላ መላ ሳጣ አምስት ሳምንት በመስኮት አሞቅኋት። እስካሁን በራሴ አፍራለሁ።

4ኛ. ልጄ በሳንባ ምች ለሦስተኛ ጊዜ ስትወድቅ ወደ ወልድያ የምንሄድበትን ይለፍ በአምስት ደቂቃ ስለፈረሙልን ውለታዎን አልረሳም። ለመታመም ይለፍ እንዳለ፣ ላለመታመም ግን እንደሌለ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ይህን ስጽፍ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ነው። ፈርቻለሁ።

ከጥላ ሥር ሆና ትእዛዝዎን የምታከብር፣
ይርጋለም ተፈራ
ወልድያ፣ ከልጄ አልጋ አጠገብ

ግልባጭ፦ ለፀሐይ

ማስታወሻ፦ ማመልከቻዬን የተቀበሉኝ ወንበርዎን ግቢ አስወጥተው፣ ጀርባዎን ለጠዋት ፀሐይ ሰጥተው እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። መቅደላ ከዳነችልኝ በየጠዋቱ አምጥቼ ጭንዎ ላይ እንዳስቀምጣት ይፍቀዱልኝ፤ በመርሳ የተፈቀደው ፀሐይ ያለው እዚያ ብቻ ነውና።