በራሴ እጅ የገባው ጨረታ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሶርሳ፤ ደርባን።

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆም እንደጎዳህ ባለቤትህ ሩት በስልክ ነግራኛለች። ልጅህ ማቲስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ወላይትኛውን እንዳይረሳ አደራ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ቢያማትም እሑድ እሑድ በእግሯ ነው ቸርች የምትሄደው። ደብዳቤውን ወደዚያ የሚመጣው ወንደሰን ያደርስልሃል። ዝንጅብሉን ተቀብሎኛል፤ የበርበሬ ዳጣውን ግን «ሻንጣዬ ውስጥ ቢፈስ ልብሴ ሁሉ ያነጥሰኛል» ብሎ እምቢ አለ።

አምና ለኮሌጁ ቦሎቄ የማቅረቡ ጨረታ እንዴት እንዳመለጠኝ አፍሬ ሙሉውን አልነገርኩህም። የእኛን የሱቅ መደዳ ታውቀዋለህ፤ ኢሜይል ወይም የጨረታ አካውንት የፈለገ ሁሉ አንጁሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። ከፋቹ እሱ፣ ፓስወርድ አውጪው እሱ፣ የሚመዘገበውም በእሱ ስልክ ነው። ፓስወርድ ስንጠየቅ «አንጁሎ ያውቀዋል» እንላለን። ጨረታው ሐሙስ በአሥር ሰዓት ይዘጋል፤ እኔ ሰነዴን አሟልቼ ረቡዕ ጠዋት ብሄድ ቤቱ ተዘግቷል። ሻንቶ ከተማ አጎቱ ሞተውበት እዚያ ለቅሶ ተቀምጧል፤ ስልኩም አይሠራም።

ነጠላዬን ለብሼ በሚኒባስ ሻንቶ ወረድኩ። ለቅሶ ላይ የንግድ ወሬ እንዴት ይነሣል? ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ለማላውቃቸው ሰው ሁለት ሰዓት አለቀስኩ። አንጁሎ መጥቶ «ታንጉት፣ አንቺም ደረስሽልኝ፤ ጌታ ይባርክሽ» ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀስ ብዬ ጉዳዬን ብነግረው ዓይኑን ጠርጎ፣ ፓስወርዱን ኮምፒዩተሩ እንደያዘው፣ እሱ ራሱ በቃሉ እንደማያውቀው ነገረኝ። ለቅሶውን ጥሎ ሶዶ ና አይባልም። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት «ልጄ፣ ሟቹ ምንሽ ናቸው?» አሉኝ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። ጨረታው አለፈ። የዚያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ «የሱቄን ቁልፍ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ይህኛውን ለምን ሰጠሁ?»

አንተ ፓስወርድ የሚይዝ ነፃ አፕ አለ ስትለኝ መጀመሪያ ተጠራጠርኩ፤ ነጋዴ ነኝ፣ በነፃ የሚሰጥ ሰው ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የምታስተምረውን ደንበኛዬን ሔርሜላን ጠየቅኳት። የአፑ ባለቤቶች ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከትልልቅ ድርጅቶች እንደሆነ፣ ለእኔ ቢጤ ነፃው እንደሚበቃ አስረዳችኝ። እንዲያም ሆኖ ሁለት ሳምንት በማይረባ አካውንት ሞከርኩት። ከዚያ አንጁሎን አስቀምጬ ሁሉንም በራሴ ስልክ አስቀየርኩ። አሁን በቃሌ የምይዘው አንድ ረጅም የወላይትኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለአንተም አልጽፈውም። ሌላውን ፓስወርድ ሁሉ አፑ ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ይሞላል። ብታመም ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ አሽጌ ከቤቱ ካርታ ጋር አኑሬያለሁ። አንጁሎ ቤት ግማሽ ቀን ወረፋ የምጠብቅበትን ጉዳይ አሁን አንዱን ደንበኛ ሸኝቼ ሌላው እስኪመጣ እጨርሰዋለሁ።

ዘንድሮ ያው ጨረታ ወጣ። በመጨረሻው ቀን ተበላ ከተማ፣ ገበያ ውስጥ ቦሎቄ ስመርጥ ሳለሁ የንግድ ፈቃዴ ፎቶ አይነበብም፣ እስከ አሥር ሰዓት ካልተስተካከለ ውድቅ ነው የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ጣቴን አስነክቼ አፑን ከፈትኩ፤ ጨረታው ውስጥ ገባሁ፣ አዲስ ፎቶ ላክሁ፣ «ደርሷል» የሚል መልስ መጣ። የምሸምትበት ገበሬ «እመቤት፣ ቦሎቄዬን ትተሽ ስልክ ትመርጪያለሽ?» ብሎ ቀለደብኝ።

ጋሼ፣ አሸነፍኩ! ከእኔ በፊት ከእኛ መደዳ ይህን ጨረታ ያሸነፈ የለም። አምስት ሴቶች አፑን በእኔ እጅ አስገብተዋል። አንጁሎም «ገበያዬን ዘጋሽው» ብሎ ሲያኮርፍ ሰንብቶ፣ ትናንት ለራሱ እንዳሳየው መጣ። ውል ልፈርም ስሄድ የኮሌጁ ግዥ ሠራተኛ ወረቀቴን አገላብጦ፣ ይህን ሁሉ በኢንተርኔት የሚሞላልሽ ማነው አለኝ። «እኔው ነኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወንበር ሳበልኝ።

ለሩት የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ማቲን ግንባሩን ሳምልኝ። እናታችን በጸሎት ታስብሃለች። ባለቤቴ ቶማና ልጃችን ማክዳ እጅ ይነሡሃል።

እህትህ ታንጉት
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.