ሁለተኛው ዓይን

ውድ ክሊፎርድ፣

ይህን የምታነብልህ ነርሷ ስለሆነች የሚያሳፍር ነገር አልጽፍም። ግን ናፍቀኸኛል። ትስማው፣ ምን ታመጣለች!

ባለፈው ከደነዲን ሆስፒታል ስወጣ ያልከኝ ነገር እስከ ቤት ድረስ ሲያብሰለስለኝ መጣ። ስትሮኩ የያዘው ቀኝ እጅህ ብርድ ልብሱ ላይ እንደተዘረጋ፣ "አውሮፕላኗን ሽጫት። ከእንግዲህ እኔ ለምን እረባለሁ?" አልክ። "እሺ፣ አስብበታለሁ" አልኩህ። አላሰብኩበትም። በነጋታው መጠለያዋን ሀንጋር ከፍቼ ዓመታዊ ጥገናዋን ጀመርኩ።

ወፎቹ እንደ ልማዳቸው ጭራዋ ውስጥ ጎጆ ሠርተው ኖሮ አንድ ቅርጫት ሙሉ ገለባ አወጣሁ። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፤ የክንፏን ሸራ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ፈተሽኩ። በክንፎቿ ጫፍ ያሉትን መታጠፊያ ሳንቃዎች የሚስበው ኬብል ግን የሚሽከረከርበት ካሩካላ ጋ መበጣጠስ ጀምሮ ስላገኘሁት፣ ግራና ቀኙን በአዲስ ተካሁ።

ድሮ እኔ ውስጧ ተቀምጬ መሪውን ስገፋ አንተ ውጭ ቆመህ የትኛዋ ሳንቃ እንደተነሣች ትጮኽልኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ነኝ። መሪውን ወደ ግራ ገፍቼ በገመድ አሰርኩትና ወርጄ አፍንጫዋ ፊት ቆምኩ። መሪው ወደ ግራ ሲሄድ መነሣት ያለባት የግራዋ ሳንቃ ተነሥታለች። "ጎሽ ሞራግ!" ብዬ ራሴን አሞገስኩ።

የበረራ ፈቃዷን ለማደስ መርማሪው ሄሚ ሊያያት መጣ። መቀመጫው ላይ ወጥቶ መሪውን ወደ ግራ ገፋ። አንገቱን አውጥቶ ክንፎቿን አየ። እንደገና ገፋ።

"ሞራግ፣ እስቲ ነይ። የት ቆመሽ ነው ያየሽው?"

"ከፊቷ ነዋ!"

"ፊት ለፊቷ ቆመሽ? የሷን ቀኝ እኮ ነው ግራ ያልሽው! አንቺ ሴትዮ፣ ወደ ግራ ስትያት ወደ ቀኝ ልትገለብጥሽ ነበር!"

ክው አልኩ። ኬብሎቹን አቀያይሬ ነበር ያሰርኳቸው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ብቻሽን ስትሠሪ እንዲህ ነው" አለኝ። "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ?"

"ብርቱዋ እኔ ነኝ?"

"ዛሬስ አይመስለኝም!" ብሎ ሳቀብኝ።

ኬብሎቹን ፈትቼ በትክክል አሰርኩ። ሄሚ የቀረውን ሁሉ መርምሮ ደህና ናት አለ። የቀረው የሁለተኛው ዓይን ፊርማ ብቻ ነው፤ የመሪ ኬብል የነካ ሰው ሥራውን ሌላ ሰው ሳያይለት እንደማይበር ታውቃለህ። እስክሪብቶ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም።

"መፈረሙ አያቅተኝም፤ ግን ይሄ የክሊፍ ቦታ ነው።"

"እጁ እኮ አይሠራም፣ ሄሚ።"

"እጁን ማን ጠየቀው? የፈለግነው ዓይኑን ነው! ግራና ቀኙን እንደሆነ ካንቺ ይሻላል።"

አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፣ እንዳትሠጋ።

ሐኪምህ ለአንድ ቀን እንድትወጣ ፈቅዷል፤ ሄሚ በመኪናው ያመጣሃል። ግራህ ከግራዋ እንዲገጥም ወንበርህን ከጭራዋ በኩል አስቀምጥልሃለሁ። እኔ መሪውን እገፋለሁ፣ አንተ ትነግረኛለህ፤ ፊርማውን በግራ እጅህ ብትሞነጭረውም ይሆናል። ምላስህ ከከበደህ የግራዋ ሳንቃ ስትነሣ ደህናውን እጅህን አንሣ፣ ይበቃኛል። አብረን ለመብረር እሺ ያልክ ቀን ከጎኔ ያለው መቀመጫ ያንተ ነው።

አንተ ሳታይላት ከመሬት የማትነሣው፣
ሞራግ