የት ተጻፈ?

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ያ ክፉ ሳልህ ለቆህ ይሆን? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። አባባ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ቢለውም ይበላል፣ ይተኛል፣ ሰውም ይለያል። ፀጉር ቤቱን እኔው ይዤዋለሁ። ደንበኞቹ አንገታቸውን ለሴት ምላጭ መስጠት ፈርተው ነበር፤ አሁን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

አንድ ነገር ልጽፍልህ ሳስብ ሰንብቻለሁ። አባባ ከታመመ ወዲህ አንደበቱ ተይዞ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታዋለች፦ «የት?» ቦታው የጠፋበት መስሎኝ፣ ይህ አልጋህ ነው፣ ያ መስኮቱ ነው እያልኩ ሳስረዳው ከረምኩ። እሱ ግን በግራ እጁ ያባርረኛል።

በቀደም አንድ ጸሎተኛ መጣ፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ትንሽ የዘይት ጠርሙስ የያዘ። አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ እዚህ ቤት የተሸሸገ ኃጢአት አለ፣ በሽታውም ከዚያ ነው፣ ተገልጦልኛል አለ። አባባ ቀና ብሎ «የት?» አለው። ሰውየው የኃጢአቱን ቦታ የጠየቀው መስሎት ዞር ዞር ብሎ ቁም ሳጥኑን አሳየው። ሳቄን ስውጥ ነው ነገሩ የበራልኝ። ደንበኞቹ «የት ተጻፈ» የሚል ስም ያወጡለት፣ ስለ ሃይማኖት ያወራውን ሁሉ እንዲህ እያለ ስለሚጠይቅ አልነበር? አንተንስ አስኮርፎ ከቤት ያራቀህ ይኸው ጥያቄው አይደል? መጽሐፍ ቅዱሱን ከራስጌው አንስቼ ለሰውየው ሰጠሁትና፣ የት ተጽፏል ነው የሚልዎ አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ተቀምጦ ቢገልጥ፣ ቢገልጥ፣ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የሚያወራው ላይ ደረሰ። ደቀ መዛሙርቱ ማን በድሎ ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እሱም አይደለም፣ ወላጆቹም አይደሉም ያለበት። አንዴ በልቡ አነበበው። ከዚያ ድምፁን አውጥቶ ለአባባ አነበበለት፤ ያ የስብከት ድምፁ ጠፍቶ የራሱ ወጣ። ጠርሙሱን ኪሱ ከተተው። አባባ ያኔ «የት?» ማለቱን ትቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

ከዚያ ወዲህ እኔም አላረፍኩም። በጆሮዬ ብቻ ሰምቼ ካመንኩት ስንቱ የተጻፈ፣ ስንቱ የተጨመረ ይሆን? ደንበኛ ሲጠፋ መስተዋቱ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። ያልገባኝ ብዙ ነው፤ የገባኝ ግን ከጠበቅሁት የቀለለ ነው። ታዲያ ማን አከበደው? አንተ ከእኔ ይልቅ ተምረሃልና እስቲ ንገረኝ።

ሰውየው ሲወጣ በሩ ላይ «እንግዲህ ምን ልበለው?» አለኝና ወዲያው አፉን ያዘ። ማንን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ማን እንደላከው ገብቶኛል። አባቱ ሰው ይለያል በሉት አልኩት።

አባባ ጢሙ አድጓል። ልላጭህ ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እጅሽ ይከብዳል ማለቱ ይመስለኛል፤ የአንተ እጅ ቀላል ነበር። ምላጩን ስዬ አስቀምጫለሁ።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ፣ መንገድህንም ያቅናልህ።

ታናሽ እህትህ