በነሐሱ ጨፋሪ ፊት

አባዬ፣

ከተለየኸን አራት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። ሶፋው ላይ አንተ ልትጠይቀን ስትመጣ ትቀመጥበት የነበረውን ጥግ ልጄ ሊያ ወርሳዋለች፤ ማንንም አታስቀምጥም። ፈረንሳይኛዋ አማርኛዋን እየበለጠው ነው። “ከልጅቷ ጋር አማርኛ አውሪ” ትለኝ የነበረው ትዝ ሲለኝ እደነግጣለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ግራ ስለገባኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት አልትሽቴተን ሰፈር ያለውን ክፍልህን ላስረክብ ዙሪክ ሄጄ ነበር። ቁልፉን ከመለስኩ በኋላ፣ በጥበቃነት አሥራ አንድ ዓመት የሠራህበትን ሙዚየም ሳላይ መመለስ አላስቻለኝም። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ሄጄበት አላውቅም ነበር። ስለ ሥራህ ስጠይቅህ “ቆሜ እውላለሁ” ብቻ ነበር መልስህ።

የሥራ ባልደረባህ ኦቢ በር ላይ ተቀበለኝ። ናይጄሪያዊ ነው፣ ከኢግቦ ሕዝብ። አባትሽ የሚወደውን ላሳይሽ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ወሰደኝ። እዚያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ጭምብል የለበሰ ጨፋሪ ነው። ፊት የለውም፤ አካሉ ቀጥኖ ሽቅብ ተመዝዟል፣ ልብሱ ብቻ ነፋስ እንደገባበት ተነፍቷል። የኦቢ አገር ቀራጺ የሠራው ነው። በመንደራቸው ጭምብል ለባሾቹ ሲወጡ፣ የሞቱ አባቶች ሊጨፍሩ ተመለሱ ይባላል አለኝ።

ከዚያ ያለኝን ግን አልጠበቅኩም። “አባትሽ ጠዋት ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ እዚህ ሐውልቱ ፊት ይጨፍር ነበር።”

የሌላ ሰው ታሪክ መሰለኝ። “የኔ አባት አይጨፍርም” አልኩት።

ኦቢ ጃኬቱን ሰብሰብ አድርጎ ትከሻውን ያንቀጠቅጥ ጀመር። አልተዋጣለትም፤ ግን እስክስታ ነበር። ከአንተ ካልሆነ ከየት ይማረዋል?

አባዬ፣ በሠርጌ ዕለት እጅህን ይዤ ስጎትትህ እኮ አልተነሳህም። ሰው ሁሉ እያየኝ “ተይኝ ልጄ” ብለህ ወንበርህን ያዝክ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጭፈራ እርም ብሏል እያልኩ ለሰው አስረዳሁ፤ እኔ ራሴ ግን አላመንኩትም። ባሌን አልወደደውም ብዬ ሁለት ዓመት አኮረፍኩህ። ታዲያ ለነሐስ የጨፈርከውን ለእኔ ለምን ከለከልከኝ? ሰው ስለማያይህ ነው? ወይስ ሙታን ይመለሳሉ የተባለውን ሰምተህ እናቴን እየጠበቅክ ነበር? ኦቢንም ጠየቅሁት። “ደስ ብሎት ስለነበር ምንም አልጠየቅሁትም” አለኝ።

እስከ ጄኔቫ ድረስ ባቡር ውስጥ አንዴ እየሳቅሁ አንዴ እያለቀስኩ መጣሁ። ተናድጄብሃለሁ፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ለሊያም ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።

ኩርፊያዬን ይቅር በለኝ። ምክንያትህን እስካውቅ ብዬ ይቅርታ መጠየቄን አላዘገይም፤ ጨርሶ ላይገባኝም ይችላል። እንዲሁ ግራ እንደተጋባሁ፣ ወንበሩን የሙጥኝ ያለውንም እስክስታ የወረደውንም አባቴን፣ ዕድሜዬን ሙሉ አስታውሳለሁ።

ልጅህ ህሊና