ለሟች ወንድሜ በየጊዜው ስለሚራዘመው ቀጠሮ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ በራስዎ ድረ ገጽ ቀጠሮ ከመያዝም ፈጣሪ እንዲጠብቅዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እጁ የተባረከ አናጺ ነበር። ኮምፒውተር ስለሌለን ሆስፒታልዎን የምናውቀው በእሱ ስልክ በኩል ነውና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ወንድሜ የልብ ሕመም ሲጸናበት ቀጠሮ የያዝነው በድረ ገጽዎ ነበር። ገጹ በሰፊ ኮምፒውተር ልክ የተሰፋ በመሆኑ «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ ከስልኩ ስክሪን ውጭ ቀርቶ፣ ብንጎትተው ብንገፋው አልመጣ አለን። ስላላረጋገጥን ተራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሌላ ተራ ስንጠብቅ ወንድሜ ሞተ። ያስተማሩንን ትዕግሥት አንረሳውም።

፪ኛ. ከቀብሩ በኋላ «በአዲሱ ቀጠሮዎ እንጠብቅዎታለን» የሚል መልእክት ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ከመልእክቱ በሚከፈተው ገጽ «ታካሚው በሕይወት የለም» የሚለውን ቁልፍ ለመንካት ብሞክርም፣ ቁልፎቹ በስልክ ላይ ተደራርበው ስለሚታዩ ጣቴ ሁልጊዜ የሚያርፈው «አራዝም» ላይ ነው። በቁሙ አንዲት ቀጠሮ የተነፈገ ሰው ከሞተ ወዲህ ቀጠሮ አጥቶ አያውቅም፤ ለዚህ ልግስናዎ ምን ቃል ይበቃል?

፫ኛ. ወንድሜ መጋዝ ይዞ ማንበብ ስለማይመቸው ስልኩ መልእክት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ሆስፒታልዎ በስሙ እየጠራ ቤታችን ድረስ ይመጣል። እናታችን በሰማች ቁጥር ንጹሕ ሸሚዙን አውጥታ አልጋው ላይ ትዘረጋለች። ባለፈው «ሐኪሞቹ እየጠበቁት፣ እኛ ምን አስቸኩሎን ቀበርነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን አሁን ስልኩ ሲጠራው እኔም ወደ በሩ አያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የሚመጣ እየመሰለኝ እፈራለሁ።

እንግዲህ ገጹን በስልክ ልክ አስጠብበው፣ ቁልፎቹን አራርቀው፣ ወንድሜን እንዲያሰናብቱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

እንደ ድረ ገጽዎ ከስክሪን በሚተርፍ አክብሮት፣
የቋሚ ታካሚዎ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ገጹን በኮምፒውተሩ ከፈተልኝ። ቁልፎቹ ሁሉ ተራርቀው፣ ጎልተው ይታዩ ነበር። እናቴ አጠገቤ ቆማ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ «አራዝም» የሚለውን ተጫንኩ። ይህኛው እንኳ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ ከመጣ እባክዎ እንደ በፊቱ አያስጠብቁት።