በእርጥብ ቅጠል የመጣው መዳብ

ማክሰኞ

የኬብል መቀጠያውን ካርቶን ገለበጥኩት፣ አራገፍኩት፣ እንደገና ገለበጥኩት። የለም። የጎማው ቴፕ አለ፣ ማያያዣው አለ፣ ጓንት እንኳን አለ። የመዳብ መረቡ ብቻ የለም። ጉድ ነው!

ትናንት የመንገድ ሥራው ኤክስካቫተር የጭሮ ከተማን የውሃ ፓምፕ የሚመግበውን የመሬት ውስጥ ኬብል በጥርሱ ዘነጠለው። አሥራ አምስት ሺህ ቮልት ነው። ሰፈርተኛው ኦፕሬተሩን አላህ አተረፈው ይላል፤ እኔ ኃይል የሚቆርጠው ብሬከር ቶሎ ወርዶለት ነው እላለሁ። ሁለታችንም ልክ ነን። የፓምፑ ጄኔሬተር ከተበላሸ ከርሟል፣ ስለዚህ ከተማው ውሃ የለውም።

ኬብሉን የምቀጥለው እኔ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ብቻዬን የምሠራው የመጀመሪያዬ ነው። ሲያልቅ ስሜ በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ አብሮ ይቀበራል። ቢፈነዳም ስሜ እዚያው ይገኛል ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ የአከራዬ የአዴ ሞሚና ልጅ ኢፍቱ እሁድ ታገባለች። እንግዳው ከበደሳና ከመቻራ ይጎርፋል። በጓሯቸው ያለው በርሜል ባዶ ነው።

ረቡዕ

የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ግርማ ኬብሉ የተቆረጠበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ፣ "ፎይል ጠቅልይበትና እንገላገል፤ ያው ብረት አይደል?" አለኝ።

ያው አይደለም። ኬብሉ ከፕላስቲኩ በላይ የመዳብ ልብስ አለው። ስንቀጥለው ልብሱን ካልመለስንለት ኤሌክትሪኩ ራቁት የቀረውን ቦታ እየፈለገ ይሰበሰብና ፕላስቲኩን ቀስ እያለ ይበላዋል። ዛሬ ይሠራል፣ ክረምት ላይ ይፈነዳል። ፎይል ደግሞ ገና ስጠመዝዘው ይቀደዳል። መረቡ ነው እንደ ካልሲ ተለጥጦ የመቀጠያውን ጉብታ የሚይዘው። ሁሉንም አስረዳሁት።

"ሕዝቡ የጠየቀኝ ውሃ ነው" አለ። እውነቱን ነው። እውነቱን ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ድሬዳዋ ላለ ባልደረባዬ ደወልኩ። መረቡ አለው፤ ነገ ከመጋዘን ያወጣልኛል። የመሥሪያ ቤት መኪና ግን እስከ ሰኞ የለም። "በጫት መኪና ላክልኝ" አልኩት። እዚህ አገር ከጫት መኪና የሚቀድም ነገር የለም፣ ወሬም ቢሆን።

ቤት ስገባ አዴ ሞሚና በር ላይ ጠበቁኝ። ፌስታል ሙሉ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ገዝተዋል። "ልጄ፣ የብረት መረብ ነው ያልሽው አይደል? ይኸው መረብ! ያብለጨልጫልም።"

ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። "አይሆንም እኮ፣ አዴ" ስላቸው ፌስታሉን አንስተው ገቡ። እራት አልጠሩኝም።

ሐሙስ

ዝናብ። ጉድጓዱ ላይ ሸራ ወጥረን ውሃውን ስንቀዳ ዋልን። በአጠገባችን ባጃጆች ባዶ ጀሪካን ጭነው ወደ ምንጭ ይሮጣሉ። አንዱ ሾፌር ለጓደኛው በኦሮምኛ "ሴትየዋ ፈርታ ነው" አለው። የማይገባኝ መስሎታል። አዎ፣ ፈርቻለሁ! የማይፈራ ሰው እዚህ ጉድጓድ አይግባ።

አቶ ግርማ መረቡ እስከ ነገ ማታ ካልደረሰ ሌላ ሰው አምጥቶ በፎይል እንደሚያስጨርስ ነገረኝ። እሺ አልኩ። 

ዓርብ

መጣ! የጫት መኪናው ሾፌር አብዲ ሞተር እንኳን ሳያጠፋ በመስኮት አቀበለኝ። ጥቅሉ ከበደኝ፣ ቀዘቀዘኝም። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ታስሮ፣ ውሃው በክንዴ ይወርዳል።

"ምን አድርገኸው ነው?"

"አደራ እንዳይበላሽ ብለውኛል። ከጫቱ መሃል አስገብቼ፣ በየመንገዱ ውሃ እየረጨሁለት! ሙቀት ሚባል አልነካውም፣ ወላሂ!"

ኩራቱ! እዚህ አገር ውድ ዕቃ የሚያዘው እንደዚያ ነው። "ገላቶሚ" ብዬ በኦሮምኛ አመሰገንኩትና ሄደ።

ውሃ የኬብል ጠላት ነው። ቤት ወስጄ ዘረጋሁት። እግዜር ይመስገን፣ አረንጓዴ ዝገት አልያዘም። በአልኮል አጠብኩት፤ ግን በዚህ ደመና በምን ይደርቃል? ኢፍቱ እጇ ላይ ሂና ተቀብታ ተቀምጣ ታየኛለች። "እማ፣ የፀጉር ማድረቂያዬን ስጫት" አለች። አዴ ሞሚና ራሳቸው ይዘው መጡ። እኔ መረቡን ወጥሬ ያዝኩ፣ እሳቸው ነፉበት። ብዙ ቆየን። እጃቸው አልሰነፈም።

ለአቶ ግርማ ደወልኩ፤ "ደርሷል፣ ነገ እጀምራለሁ።"

ቅዳሜ

ሰማዩ ታገሰን። መረቡን እያንዳንዱን ዙር በፊተኛው ላይ እስከ ግማሹ እየደረብኩ ጠመጠምኩ፣ ጫፍና ጫፉን ከኬብሉ መዳብ ጋር አሰርኩ። ኬብሉ ውስጥ ያሉትን ሦስቱንም ገመዶች እንዲሁ። ከዚያ ማሸጊያው፣ ፍተሻው፣ በመጨረሻም ቆርቆሮዬ። አሥር ሰዓት ላይ ኃይል ለቀቅን።  ፓምፑ አጓራ!

አቶ ግርማ ጨበጠኝ። 

እሁድ

ሰርጉ ሞቅ ባለበት መብራት ድርግም አለ። ዘፈኑ ቆመ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ክው አልኩ። ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ። የጎረቤት መብራት ይታያል። ለካ የሙዚቃው ልጅ ስፒከሩንና የኤሌክትሪክ ምድጃውን አንድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቆጣሪው ወርዷል! ቆጣሪውን ሳነሳ እልልታው ቀለጠ። እኔ ግን ለፓምፑ ጥበቃ ደወልኩ። "ይሠራል እቴ፣ አሁንስ አሰለቸሽኝ" አለ።

ጓሮ ዞርኩ። ቧንቧው ተከፍቶ ሴቶቹ ድስት ያጥባሉ። በእነዚያ ሽቦዎች! አዴ ሞሚና አንዱን ወረወሩልኝ።

"ነይ ቁጭ በይ። ያንቺም መረብ ሠራ፣ የኔም ሥራ አገኘ።"

እጅጌዬን ሰብስቤ ትልቁን ድስት ሳብኩ። ዝናቡ ጀመረ። ጉድጓዱ ትዝ አለኝ፤ ድስቱን መፈተጌን ግን አላቆምኩም።