ያላለቀስኩበት መርዶ

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማየ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ላሟስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክፍል እገባለሁ። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ውዳሴ ታንብብልሽ፤ ግን ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ፣ ወንድምሽ አያ ይርሳው ከመጣ ታቁም። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ሌላ ሌላውን አውርቼ እዘጋዋለሁ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስንለያይ «ልብ የሚያደርቅ ትምህርት ይቅርብሽ» ብለሽ ሳትስሚኝ ሄድሽ። አልፈርድብሽም። አያ ይርሳው ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ «ፍልስፍና የሚሉት ነገር ነው ልጅቱን ድንጋይ ያደረጋት» ሲል ሰምቼዋለሁ። አሁንማ ጅጋ ድረስ ሳይወራ አይቀርም። ንጋት ላይ እሱ ቤት መርዶውን ሲያረዱኝ፣ ሴቶቹ ሊይዙኝ ተዘጋጅተው ሳለ፣ እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ቁጭ አልኩ። አልጮህኩም፣ ደረቴን አልደቃሁም። አባቷ መሞቱን የሰማች ልጅ እንዲያ አትሆንም፤ ይገባኛል።

እማየ፣ እኔ ግን የሰማሁት ያን ዕለት አይደለም።

ፈተና ሊጀመር ሲል አብራኝ የምትማረው የቡሬዋ ልጅ፣ ዮርዳኖስ፣ ከቤተሰቧ ጋር በስልክ ስታወራ ቆይታ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። የማውቅ መስሏት ነው፤ ምስኪን። እኔም እንደሚያውቅ ሰው «አሜን» አልኩ። ከዚያ ሻወር ቤት ገብቼ ውሃውን ለቀቅሁና ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ያለኝን ሁሉ እዚያ ጨረስኩት መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አይሰማኝም።

ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ ማለታችሁ ያለ ነው፤ ለማን ልጅ ነው እንዲህ ያልተደረገው? ቢሆንም የዚያን ዕለት ማታ ልጮህብሽ ነበር የደወልኩት። አንቺ ገና ስታነሺው፣ ሳልጠይቅሽ፣ «አባትሽ ደህና ነው፣ በቆሎ ሊያስፈለፍል ወርዷል» አልሽኝ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ራሴው ጠየቅሁሽ፤ ጅጋ ገበያ ሄዷል አልሽ። ሌላ ቀን ደግሞ በሬው አሞት እየጠበቀው ነው አልሽ። አንድ ማታማ አዲስ ጫማ ገዝቶ ጠበበኝ እያለ ሲነጫነጭ ዋለ አልሽኝ። አቤት አባየ! መቼ ሰፍቶት ያውቃል? ሳቅሁ፤ አንቺም ሳቅሽ። እሱ እኮ አፈር ከገባ ሰንብቷል።

የሥነ ምግባር ፈተና ላይ «ለሚወዱት ሰው ሲባል መዋሸት ይገባል ወይ?» የሚል ጥያቄ መጣ። መምህራችን እንዳስተማረን፣ በፍጹም አይገባም ብዬ ወረቀቱን ሞላሁት፤ ኤ አገኘሁ። ከፈተናው እንደወጣሁ ግን ላንቺ ደውዬ «አባየስ?» አልኩሽ።

እና ትምህርቱ አይደለም ያደረቀኝ። አቋርጬ አልመጣም፤ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ፣ ልጨርሰው። አንቺ ብቻ ልጄ አባቷን አትወደውም ብለሽ እንዳትኖሪ። የከበደኝ ይኸው ነው፤ ሌላው እንዳሻው ያውራ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ፈተናዬ ማለቁን የነገርኩሽ ያለቀ ዕለት ነው። አያ ይርሳው «ትምጣና ትረዳ እንጂ» ብሎ ሲነዘንዝሽ፣ «ትንሽ ቆዩ፣ ትንሽ ቆዩ» ስትይ የነበርሽው አንቺ ነሽ አሉ። ውዳሴ ናት የነገረችኝ፤ ውዳሴ፣ እዚህ ስትደርሺ እንዳትዘይው። ፈተናው ካለቀም በኋላ ማታ ማታ ደወልኩ፤ አንቺም ስለ አባየ ታወሪልኝ ነበር። ለምን እንዳዘገየሽው አልጠይቅሽም።

ለሰማንያው እመጣለሁ። እስከዚያው ሲከፋሽ ደውይልኝና አባየ የት እንደወረደ ንገሪኝ።

የአባየን ነፍስ ከደጋጎቹ ያኑርልን፤ ላንቺም ብርታቱን ይስጥሽ።

ልጅሽ